ማዕረግሽ ምንድን ነው?

ተኚ ይሉኛል። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን ታስገባና «ትንሽ ሸለብ አደረገሽ?» ትለኛለች፣ አይ ካልኳት ሌላ ብርድ ልብስ ታመጣለች፣ አሁን ላዬ ላይ ሦስት ብርድ ልብስ አለ፣ ሀዋሳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ልጄ ከበረዶ አገር ስለመጣች ብርዱ በአጥንቷ ገብቷል ብላ ነው። ሰውነቴ ገና ካናዳ ነው፣ እዚያ ሌሊት ነው፣ ጭንቅላቴ ግን ቀድሞ ሰፈራችን ታቦር ደርሷል፣ ሁለቱ እስኪገናኙ እንቅልፍ የሚባል የለም። ግቢው በሙሉ እኔን ለማስተኛት በሹክሹክታ ያወራል፣ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በአጥሩ ላይ በምልክት ነው የሚነጋገሩት፣ እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ እሱ ነው። ሰው ሲጯጯህ የተኛሁበት ቤት ነው ያደግኩት፣ እንደ ድሯቸው ቢጮሁ እኔም እንደ ድሮዬ በተኛሁ። ለእንቅልፌ የማይጨነቁት ቆርቆሮው ላይ የሚንጎራደዱት ትልልቆቹ የሐይቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ብቻ ናቸው፣ ኮቴያቸው ጫማ ያደረገ ሽማግሌ ይመስላል፣ አንዱ ይሄዳል፣ ቆም ይላል፣ ያስባል፣ ይመለሳል። እኔም ከታች ሆኜ አብሬው አስባለሁ።

የማስበው ለአባዬ እንዴት እንደምነግረው ነው። ለቅዳሜ የድሮ የጦር ጓደኞቹን ምሳ ጠርቷል፣ ጠበቃ ልጄ መጥታለች ብሎ፣ በግ ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል። ትናንት ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንመጣ አባዬ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን እያስጎበኘኝ፣ ይህ አዲስ ሆቴል ነው፣ ያ ደግሞ አሮጌው ሆቴል ነው ቀለም ተቀብቶ እያለ፣ እማዬ ከኋላ ጆሮዬ ሥር ሆና «ከቅዳሜ በፊት ንገሪው፣ ዮፍታሄ ፎቶሽን አይቷል» አለችኝ። ዮፍታሄ የአክስቴ ልጅ ነው፣ በዘመዶቻችን ውስጥ ያየውን አይቶ ዝም የሚል ሰው እስካሁን አልተወለደም፣ እሱ ደግሞ የሁሉም አለቃ ነው። ፎቶው ላይ የደንብ ልብስ ለብሻለሁ፣ ትከሻዬ ላይ የሻምበል ማዕረግ አለ። የካናዳ ጦር የሕግ መኮንን ነኝ፣ ሥራዬ የተከሰሱ ወታደሮችን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቆሜ መከላከል ነው፣ አባዬ የሚያውቀው ግን ራሔል የመንግሥት ጠበቃ ናት የሚለውን ብቻ ነው። ውሸት አይደለም። አንድም ቀን አልዋሸሁትም፣ ሳይዋሹ መደበቅን ተምሬ ነው የተመረቅኩት። እሁድ እሁድ ስደውል «ሥራ እንዴት ነው?» ይለኛል፣ «ደህና ነው አባዬ፣ ሰው ይከሰሳል፣ እኔ እቆምለታለሁ» እለዋለሁ፣ «አለቃሽስ?» ይላል፣ «ጥብቅ ነው»፣ «ጥብቅ አለቃ ጥሩ ነው» ብሎ ስልኩን ለእማዬ ይሰጣታል። እሷ ከመጀመሪያውም ታውቃለች። አንድ ቀን በቪዲዮ ስናወራ ከኋላዬ የተንጠለጠለውን ኮት አባዬ አይቶ ምንድን ነው ሲላት፣ እኔ ገና ቃል ስፈልግ «መሥሪያ ቤቷ ዩኒፎርም ያስለብሳል፣ እንደ ባንክ» አለችው። ከእሷ ጋር ሆኜ ማንኛውንም ክስ አሸንፋለሁ።

አባዬ ወታደር ነበር፣ አስር አለቃ ካሳሁን። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ነው የተመለሰው፣ ወላጆቹ ጎጃም ነበሩ፣ እሱ ግን ጋሽ በቀለ የሚባል ጓደኛውን ተከትሎ እስከ ሲዳማ ወረደ፣ ሀዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ፣ እማዬን አገኘ፣ ቀረ። ስለ ጦሩ ሲያወራ የሚያወራው አስቂኝ አስቂኙን ነው፣ ስለ አህያዋ፣ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ልጆች ሆነን ጦርነት ማለት ሳቅ ይመስለን ነበር። ከዚያ ወንድሜ ኪሩቤል አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ አየር ኃይል ልመዝገብ አለ። አባዬ ምሳ እየበላ ነበር፣ እጁን ታጠበ፣ ድምፁን ሳያነሳ «በዚህ ቤት ዩኒፎርም የሚለበሰው ለትምህርት ቤት ብቻ ነው» አለ፣ ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተወራም። ኪሩቤል አሁን አዳማ መድኃኒት ቤት አለው፣ ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ እሱንም አባዬ በጎሪጥ ነው የሚያየው።

ታዲያ አንቺ ለምን ገባሽ ቢለኝስ። ኦታዋ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ማታ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ ቀን ሕግን እንደገና እማራለሁ፣ እዚህ የተማርኩት ሕግ እዚያ ሕግ አይደለም ተብዬ። ጠበቃ ሆንኩ፣ ምንጣፍ ያለው ቢሮ ተቀጠርኩ፣ በዚያ ቢሮ ሰው ሁሉ ምሳውን ኮምፒዩተሩ ፊት ብቻውን ይበላል፣ ብሉ የሚል የለም፣ አንድ ቀን ለጎን ባልደረባዬ ከሳህኔ አንሺ ብዬ ብዘረጋላት ምን አድርጌሽ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። ከዚያ ጦሩ የሕግ መኮንኖች ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ። መኮንኖቹ ለምን መረጥሽን ሲሉኝ ስለ ግዴታና ስለ አገልግሎት ያጠናሁትን አነበንብላቸዋለሁ፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው፣ የፈተናው ቀን ጠዋት ጦር ሰፈሩን ሲያስጎበኙን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አየሁ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይበላል፣ አንዱ ወታደር ከሌላው ሳህን ላይ ድንች አነሳ፣ ባለ ድንቹ እጁን መታው፣ ሁለቱም ሳቁ። ለዚያ ድንች ብዬ ነው የማልኩት። ሠላሳ ዓመቴን አልፌ ሰልፍ ተማርኩ፣ ግራ ዙር ሲሉኝ መጀመሪያ በአማርኛ ግራዬን እፈልጋለሁ፣ ሌላው ዞሮ ሲያበቃ እኔ እደርሳለሁ፣ አሰልጣኙ አንቺ የምትኖሪው በሌላ ሰዓት ነው አለኝ፣ ልክ ነው። ይህን ሁሉ ለአባዬ በምን አፌ። አሁንም የምኖርበት ጦር ሰፈር ክፍሌ ጠባብ ነው፣ ጎረቤቴ ትሮምፔት ይለማመዳል፣ ማታ ማታ እየተሳሳተ ይነፋል፣ የሚሳሳትበትን ቦታ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ሰው አለ ማለት ነው።

ስልኩ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ይንቀጠቀጣል። የካናዳ ቁጥር ነው፣ አለቃዬ፣ ሻለቃው፣ እዚያ ገና ነግቶ ቢሮ መግባቱ ነው። ስለ ዱቦይ ነው የደወለው። አስር አለቃ ዱቦይ ደንበኛዬ ነው፣ የሰፈሩን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሳያስፈቅድ አውጥቶ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ሆስፒታል አድርሷል፣ መንገዱን እየጠረገ ነው የሄደው፣ ከኋላው አንድ አምቡላንስና የዳቦ መኪና ተከትለውታል። ዐቃቤ ሕጉ ጥፋቱን ይመን፣ ማዕረጉ አንድ ደረጃ ይውረድና ይለቀቅ ብሏል አለኝ ሻለቃው፣ ሰውየው ተራ ወታደር ቢሆን ምን ይለዋል አለኝ። ብዙ ይለዋል። ዱቦይን ጠይቄዋለሁ፣ ማዕረጌን ከምሰጥ ፍርዱን ቆሜ ልስማ ነው ያለኝ። «ኖ ሰር» አልኩ። «ማዕረጉን አንሰጥም ሰር፣ እንከራከራለን።» እና በመጨረሻ «የስ ሰር» ብዬ ስልኩን ስዘጋ ነው ራሴን ያየሁት፣ ከአልጋው ወርጄ ቆሜያለሁ፣ በሌሊት ልብሴ፣ በባዶ እግሬ፣ ተረከዞቼ ተጋጥመው፣ ግራ እጄ ከጭኔ ጎን ተወጥሮ። በሩ ላይ አባዬ ቆሟል። በእጁ የስፕሪስ ብርጭቆ ይዟል፣ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፣ እንዳይቀላቀልበት በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ነው ያመጣልኝ። እንግሊዝኛው አይገባውም፣ አቋሙ ግን ገብቶታል፣ እንደዚያ የሚቆም ሰው ባንክ ውስጥ አይሠራም።

«ማዕረግሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ስሜን እንደረሳ ሰው። «ሻምበል» አልኩት።

«የማን ጦር?»

«የካናዳ። ግን ጠበቃ ነኝ አባዬ፣ ጠበቃ ነኝ ያልኩህ እውነት ነው። የተከሰሱ ወታደሮች ጠበቃ።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሳይቀላቀል ጠጪው» አለኝና ወጣ። ኮፍያውን ከምስማሩ ሲያነሳ ሰማሁ፣ የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁ። እማዬ እየሮጠች ገባች፣ «ምን አልሽው?» «ማዕረጌን።» «እሱን ምን አስቸኮለሽ፣ በእራት ሰዓት እኔ ባለሁበት አትዪውም?» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስፕሪሱን አንስታ ጠጣችው፣ ስትደነግጥ ያገኘችውን ነው የምትጠጣው። አሁን ከመስኮቱ ሥር ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ይሄ ነው እንግዲህ። ዓመት ጠብቄ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼ፣ ገና ባደርኩ በማግሥቱ አባቴን ከቤቱ አስወጣሁት። ቅዳሜ ሰዎቹ ሲመጡ ባይኖርስ፣ ቢኖርና ዓይኔን ባያየኝስ፣ በጉ ለማን ሊታረድ ነው። ለዱቦይ ሁለት ሰዓት ሙሉ መናገር እችላለሁ፣ ለራሴ ሦስት ዓረፍተ ነገር አልወጣኝም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የጎረቤታችን ልጅ በረከት ባጃጁን በራችን ላይ አቆመ። የሦስት ልጆች አባት ሆኗል፣ እማዬ አሁንም ልጁ ነው የምትለው። «ጋሽ ካሳሁንን ፈልጋችሁ ከሆነ ቱላ ነው ያደረስኳቸው፣ ጋሽ በቀለ ቤት» አለ። «መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊወርዱ ሲሉ ብቻ ሻምበል አሉ። እኔን መስሎኝ ዞርኩ።» ጫማዬን ሳላስር ተሳፈርኩ። ከቤቱ እስከ ቱላ ምን እንደምለው አዘጋጅቻለሁ፣ መግቢያ፣ ፍሬ ነገር፣ ማጠቃለያ፣ በረከት በየጉድጓዱ ሲዘል ማጠቃለያው ወደ መግቢያው ይመጣብኛል። «አትፍሪ» አለኝ በረከት በመስታወቱ እያየኝ፣ «ጋሽ በቀለ ቤት ሄዶ ተቆጥቶ የተመለሰ ሰው አላውቅም።»

ጋሽ በቀለ ከጓሯቸው አቮካዶ ሥር ከአባዬ ጋር ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው እንሰቱ ጨለማ ሠርቷል፣ እግራቸው ሥር የሸንኮራ ልጣጭ ተከምሯል። ግዙፍ ሰው ናቸው፣ ልጅ ሆኜ በትከሻቸው ነበር የምጋልበው። ሲያዩኝ ተነሱ፣ ሸንኮራ የሚልጡበትን ቢላ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና በቀኛቸው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ምን ነካኝ፣ መለስኩላቸው። አባዬ መሬት መሬት ያያል።

«ተቀመጪ» አሉኝና በሲዳምኛቸው ደህንነቴን ጠየቁ። «ኬሬ ነሽ? እናትሽ ኬሬ ናት? ጥሩ። አባትሽ ሃምሳ አለቃ እንደነበረ ነግሮሻል?»

«አስር አለቃ ነው የማውቀው።»

«አስር አለቃ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ አባዬ «ተው በቀለ» አለ፣ እሳቸው አልተዉም። ግንባር ላይ ነው፣ ሌሊት ዘብ ተራ የእሳቸው ነበር፣ የሻለቃ ጦሩ አዛዥ ድንገት ሲዞር ምሽጉ ውስጥ አገኛቸው፣ ተኝቷል አለ። ጠዋት ጦሩ በሙሉ ተሰለፈ፣ እሳቸውን ፊት አቆሟቸው። «ዘብ ላይ የተኛ ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል» አሉኝ፣ ቢላውን እያዩ። «እናንተ ዘንድ ምን ይደረጋል?»

«መጀመሪያ ጠበቃ ይሰጠዋል» አልኩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «እኛ ዘንድ ጠበቃ የለም። አዛዡ ተናገረ፣ በቃ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ያኔ አባትሽ ከሰልፉ ወጣ። ጌታዬ፣ አለ፣ በቀለ ዘብ ላይ የሚተኛ ሰው አይደለም፣ በማዕረጌ እምላለሁ። አዛዡ አየው፣ አየው፣ እንግዲያው ማዕረግህን ወዲህ በለው አለው። እዚያው ገፈፈው። እኔን ደግሞ ውሃ እንድቀዳ ፈረደብኝ፣ ክረምትና በጋ ውሃ ቀዳሁ። ይኸው አለሁ፣ ዘጠኝ ልጅ ወለድኩ።»

እዚህ ጋ ነው አባዬን ያየሁት። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ እንዲያውም ያፈረ ይመስላል፣ የደበቀውን ያወጡበት ሰው ይመስላል፣ እኔ ቅድም የነበርኩትን ይመስላል። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ አህያዋ ነው የሰማሁት። በስንት እሁድ ሰው ይከሰሳል እኔ እቆምለታለሁ ስለው፣ እሱ ስልኩን ይዞ ምን ያስብ ነበር። «ልጠይቅሽ» አለኝ። «ለተከሰሰው ስትናገሪ አዛዡ ቢቆጣ፣ ማዕረግሽን ይወስድብሻል?»

«አይወስድም።»

«እሱ ራሱ አንዴ ተናግሮ ካበቃ በኋላ ብትናገሪስ?»

«ያኔ ነው እንዲያውም የምናገረው።»

«ብትሸነፊስ?»

«ብሸነፍም። ሥራዬ እሱ ነው አባዬ፣ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለእሱ ነው።»

«ለመናገር?»

«ለመናገር።»

ወደ ጋሽ በቀለ ዞረ። «ሰማህ? ደሞዝ አለው» አለ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይመታዋል፣ ደሞዝ አለው ይላል፣ እንደገና ይስቃል፣ ጋሽ በቀለ ይስቃሉ፣ ምኑም ያልገባው በረከት ባጃጁ ላይ ሆኖ ይስቃል፣ እኔ እስቃለሁ እንባዬ ይወርዳል፣ ለየትኛው እንደሚወርድ አላውቅም። አባዬ መሀረቡን አውጥቶ ለእኔ ሊሰጠኝ አለና ቀድሞ የራሱን ዓይን ጠረገበት። «ዩኒፎርሙን አይደለም የጠላሁት» አለኝ፣ «ዝም በል መባሉን ነው። አንቺን ዝም በይ ካላሉሽ፣ ልበሺው።»

በዚህ ይበቃ ነበር። ጋሽ በቀለ ግን ሸንኮራውን ከቆረጡ በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና «የእኔስ ጉዳይ?» አሉ። «እኔ ተናገር የተባልኩበት ቀን የለም። ሻምበል ጠበቃ እስከ ቤቴ መጥታ ዝም ብላ ልትሄድ ነው? ያዢልኝ።» አባዬ ደስ አለው፣ በረከትን ና አንተ ዳኛ ነህ ብሎ ጠራው፣ በረከት መጥቶ ውሃ መቅጃው ጀሪካን ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን አኮሳተረ። እኔም ልብሴን አስተካክዬ ቆምኩ፣ እንደ ሥራዬ። ከማንኛውም ደንበኛ ጋር የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፣ ዱቦይንም የጠየቅኩት እሱን ነው፣ የሆነውን ለእኔ ብቻ ንገረኝ ብዬ። «ጋሽ በቀለ፣ ያን ሌሊት ተኝተው ነበር?»

ጋሽ በቀለ ዳኛውን አዩ። እንሰቱን አዩ። አባዬን ብቻ አላዩም።

«ተኝቼ ነበር» አሉ።

አባዬ የያዘውን ሸንኮራ ከአፉ አወጣ። «ምን አልክ?»

«ድብን ብዬ።»

«በቀለ፣ በማዕረጌ ምዬልህ ነበር እኮ።»

«ማን ማል አለህ? ጠይቀኸኝ ነበር? ያኔ አልጠየቅከኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልጠየቅከኝ። አንድ ቀን ልነግርህ ስል በልጄ ሠርግ ላይ ተነስተህ ይህ ሰው ዘብ ላይ ተኝቶ አያውቅም ብለህ ተናገርክ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገርህ?»

እኔ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ ጥፋቱን ድንገት ያመነ ደንበኛ አጋጥሞኝ ያውቃል፣ እንደዚህ ግን አይደለም፣ አሁን ይኸ ሁሉ ሳቅ በአንዲት ጥያቄዬ ሊፈርስ ነው ብዬ ደርቄያለሁ። አባዬ ጓደኛውን ለረጅም ጊዜ አየው። ያን ግዙፍ ሰው፣ ዘጠኝ ልጅ የወለደውን፣ አንገቱን የደፋውን። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ራሔል፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንቆምለታለን።»

«ተኝቶ እያለ?»

«ተኝቶም ቢሆን አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቢላውን ከጋሽ በቀለ እጅ ወሰደ፣ ከአገዳው ወፍራሙን አንጓ መርጦ ልጦ ሰጣቸው፣ «እኔም ያደረግኩት እሱን ነው» አለ። ጋሽ በቀለ ተቀበሉት። በረከት ከጀሪካኑ ላይ ፍርዱን ልናገር ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ማንም አልመለሰለትም፣ ሁላችንም አፋችን ሸንኮራ ሞልቶት ነበር።